ደም ሳይጠየቅ፦ በመካና በጅዳ የአደጋ ጉዳተኞችን የደም ፍላጎት ቀድሞ የማወቅ ፈተና

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2015፣ በዕለተ ጁምዓ፣ የመግሪብ ሰላት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ በብርቱ ነፋስና ዝናብ መካከል አንድ ግዙፍ የግንባታ ክሬን በመካው መስጂደል ሐራም ላይ ወደቀ። በይፋ እንደተገለጸው 111 ሰዎች ሕይወታቸውን ሲያጡ 394 ሰዎች ቆስለዋል። የሐጅ ሥርዓት ሊጀመር አሥር ቀን ያህል ብቻ ቀርቶት ስለነበር ከተማዪቱ በአላህ እንግዶች ተሞልታ ነበር።

እንዲህ ባለ ምሽት በድንገተኛ ክፍል በር ላይ የሚቆም ሐኪም አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ከሚገቡት ሁሉ ደም የሚያስፈልገው የትኛው ነው? አንዱ ጉዳተኛ በሥቃይ እየጮኸ ይገባል፤ ክንዱ ተሰብሯል፤ ደም ግን አያሻውም። ሌላው ጸጥ ብሎ ተኝቷል፤ ከውጭ የጎላ ቁስል አይታይበትም፤ ነገር ግን ዳሌው ተሰብሮ ደሙ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው። በችኮላ መካከል ዓይን የሚያርፈው በመጀመሪያው ላይ ነው፤ ለሞት የቀረበው ግን ሁለተኛው ነው።

የሕክምናው ዓለም ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ የቆየው ከጉዳተኛው በሚወሰድ ጥቂት ደም ውስጥ ነው። ላክቴት፣ የደም አሲድ መጠን፣ ሄሞግሎቢን፣ ፋይብሪኖጅን፣ የደም መርጊያ ጊዜ፤ እነዚህ በጥቅሉ የደም ጠቋሚዎች የሚባሉት ልኬቶች አንድ ጉዳተኛ ብዙ ደም እንደሚፈልግ ግፊቱ ከመውደቁ በፊት ሊናገሩ ይችላሉ ተብሎ ይታመናል። በብዙ ጥናቶችም ይህ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። በመካና በጅዳ ግን ጠቋሚዎቹ እንደሌላው ስፍራ በቀላሉ የሚነበቡ አይደሉም። ምክንያቱ መሣሪያ ማነስ አይደለም፤ ወደ እነዚህ ከተሞች የሚመጣው ሰው ማንነት ነው።

በ1445 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም በ2024፣ ሐጅ ያደረጉት 1,833,164 ሰዎች ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ቁጥሩ 1,673,230 ሆኗል። ዑምራ አድራጊው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አይቋረጥም። ከውጭ ከሚመጡት ብዙዎቹ በጅዳ በኩል ይገባሉ፤ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድም ቀንና ሌሊት አያርፍም። በመንግሥቱ የመንገድ ደኅንነት ባለፉት ዓመታት በእጅጉ ተሻሽሏል፤ በ2016 ከ100,000 ነዋሪ ከ28 በላይ የነበረው የትራፊክ አደጋ ሞት ወደ 13 ገደማ ወርዷል። ለዚህ የመንገድ ቁጥጥሩ ትልቅ ድርሻ አለው። ከዚህ በኋላ ያለው የቀረው ድርሻ ግን ከአደጋው በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ በአምቡላንስና በድንገተኛ ክፍል የሚወሰን ነው።

ደቂቃዎቹ የት ይሄዳሉ?

ደም ለመስጠት ደም መኖሩ ብቻ አይበቃም። ቀይ የደም ሴል በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 42 ቀን ይቆያል። ፕሌትሌት ግን በክፍል ሙቀት እየተናጠ ብዙውን ጊዜ ከ5 ቀን በላይ አይቀመጥም። ፕላዝማ በረዶ ሆኖ የሚቀመጥ በመሆኑ ቀልጦ ለመሰጠት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። የጉዳተኛውን ደም ከለጋሹ ደም ጋር በሙሉ ለማመሳከርም አንድ ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ የደም ባንኩ ባለሙያ ከድንገተኛ ክፍሉ ስልክ ሲደወልለት ሥራውን ከዜሮ የሚጀምር ከሆነ፣ ደሙ የሚደርሰው ጉዳተኛው ብዙ ከፈሰሰው በኋላ ነው።

የዘገየው ጊዜ ዋጋ በቁጥር ተሰልቷል። በሰሜን አሜሪካ በ12 ትልልቅ የአደጋ ሕክምና ማዕከላት 680 ጉዳተኞችን ያካተተና ውጤቱ በ2015 የታተመ ጥናት ነበር። ጥናቱ ፕላዝማ፣ ፕሌትሌትና ቀይ ደም በእኩል መጠን መስጠት ይሻላል ወይስ ቀዩን ማብዛት የሚለውን ለመመርመር የተካሄደ ነው። በጠቅላላው የሞት ቁጥር ላይ ግልጽ ልዩነት አልታየም፤ በመጀመሪያው ቀን ደም ፈስሶ መሞት ግን እኩል መጠን በተሰጣቸው ዘንድ 9.2 ከመቶ፣ በሌሎቹ 14.6 ከመቶ ሆኗል። በኋላ የዚያኑ ጥናት መዝገብ የመረመሩ ሐኪሞች ያገኙት ነገር ደግሞ ለዚህ ጽሑፍ ርዕስ የበለጠ የቀረበ ነው። የብዙ ደም ጥሪ ከተላለፈ በኋላ የመጀመሪያው የደም ሣጥን በዘገየ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመሞት ዕድል በ5 ከመቶ ያህል ይጨምራል።

ከዚህ በፊት የሐኪሞች እምነት የተለየ ነበር። ጉዳተኛ ደሙ የማይረጋው ብዙ ጉሉኮስና የጨው ውሃ ስለተሰጠውና ስለበረደው ነው ይባል ነበር። በ2003 በለንደን 1,088 ጉዳተኞች ላይ የተደረገ ምርመራ ይህን አስተሳሰብ ለወጠው፤ ከአራቱ አንዱ ያህል ሆስፒታል ሲደርስ፣ ገና ምንም ሳይሰጠው፣ የደሙ የመርጋት አቅም ተበላሽቶ ነበር። ከነዚህ መካከል 46 ከመቶው ሞቱ፤ ደማቸው ጤናማ ሆኖ ከደረሱት የሞቱት 10.9 ከመቶ ብቻ ናቸው። መበላሸቱ የሚጀምረው በአደጋው ስፍራ ከሆነ፣ ምልክቱም ሆስፒታል እንደተደረሰ በተወሰደው የመጀመሪያ ናሙና ውስጥ መኖር አለበት። የደም ጠቋሚዎች ፍለጋ የተጠናከረው ከዚህ ወዲህ ነው።

ጠቋሚዎቹ የሚሉትና የማይሉት

ያለ ቤተ ሙከራ የሚሠራ ዘዴም አለ። ከ2009 ጀምሮ በስፋት የታወቀው አንድ ቀላል መለኪያ አራት ነገሮችን ብቻ ይጠይቃል፦ ጉዳቱ የስለት ወይም የጥይት ነው ወይ፣ የላይኛው የደም ግፊት 90 ወይም ከዚያ በታች ነው ወይ፣ የልብ ምት በደቂቃ 120 ወይም ከዚያ በላይ ነው ወይ፣ በአልትራሳውንድ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ ታይቷል ወይ? ሁለቱ ከተሟሉ ብዙ ደም ይጠራል። ለአሜሪካ ከተሞች የተመቸ ነው፤ የጥይት ጉዳት በማይበዛበትና የመኪና አደጋ በሚበዛበት አገር ግን ከአራቱ ጥያቄዎች አንዱ ከጅምሩ ባዶ ይቀራል። በ2006 በጀርመን የቀረበው ሌላው መለኪያ ሄሞግሎቢንንና የደም አሲድ መጠንን ይጨምራል፤ የዳሌና የጭን ስብራትንም ይቆጥራል። ከጅዳ መንገዶች ጋር የሚቀራረበው ይህኛው ነው፤ ችግሩ ነጥብ አደማመሩ ረጅም መሆኑ ነው፤ እጁ በደም የተነከረ ሰው የሚሞላው ቅጽ አይደለም።

ከግለሰብ ጠቋሚዎች መካከል ብዙ ሰው የሚያውቀው ሄሞግሎቢን ነው። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብዙ ጊዜ የሚያታልለው ይኸው ነው። ከጀበና ውስጥ ቡና ሲቀዳ የቀረው ቡና አይቀጥንም፤ ይጎድላል እንጂ። የሚቀጥነው ውሃ ሲጨመርበት ነው። ደም ሲፈስም እንዲሁ ነው፤ የቀረው ደም ውፍረቱ ያው ስለሆነ ልኬቱ ደኅና ይመስላል፤ ሰውነት ከሕዋሳት መካከል ፈሳሽ ስቦ ሲተካ ወይም ሐኪሙ የጨው ውሃ ሲሰጥ ነው ቁጥሩ የሚወርደው። ስለዚህ መጀመሪያውኑ ዝቅ ብሎ የተገኘ ሄሞግሎቢን አስጊ ነው፤ ደኅና የሆነ ሄሞግሎቢን ግን ማረጋገጫ አይሆንም።

ላክቴት የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው። ሕዋሳት ኦክስጅን ሲያጥራቸው ኃይል የሚያመርቱበት መንገድ ይለወጣል፤ ላክቴትም ይጠራቀማል። በጤነኛ ሰው በሊትር ከ2 ሚሊሞል በታች ነው፤ ከ4 ሲያልፍ ሐኪም ይነቃል። የላቀ ጥቅሙ የደም ግፊት ገና ሳይወርድ ከፍ ማለቱ ነው፤ ወጣት ሰው የደም ሥሮቹን አጥብቆ ግፊቱን ለረጅም ጊዜ ይዞ ሊቆይ ይችላልና። ከእርሱ ጋር የሚታየው የደም ቤዝ ጉድለት 6 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ትርጉሙ ተመሳሳይ ነው። ሁለቱም በደም ጋዝ መመርመሪያ በጥቂት ደቂቃዎች ይታወቃሉ። ያው መሣሪያ የደም ካልሲየምንም ይለካል፤ ሲደርስ ካልሲየሙ ዝቅ ያለ ጉዳተኛ ብዙ ደም የመፈለግና የመሞት ዕድሉ ከፍ ያለ መሆኑ ታይቷል። በደም ከረጢት ውስጥ ያለው ሲትሬት ካልሲየምን ስለሚይዝ፣ በየከረጢቱ ጉድለቱ ይብሳል።

ፋይብሪኖጅን ከሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚገባው ነው። በደም መርጋት ውስጥ ያለው ድርሻ ለግድግዳ በሚቦካ ጭቃ ውስጥ ጭድ ካለው ድርሻ ጋር ይመሳሰላል፤ ጭቃው ቢኖርም ጭድ ከሌለው አይያዝም፤ ይረግፋል። ብዙ ደም በሚፈስበት ጊዜ ከመርጊያ ንጥረ ነገሮች ሁሉ ቀድሞ ከአስጊው መጠን በታች የሚወርደው ፋይብሪኖጅን ነው፤ የአውሮፓ ሐኪሞች መመሪያ በሊትር 1.5 ግራምን እንደ ድንበር ይወስዳል። ችግሩ በተለመደው ቤተ ሙከራ ውጤቱ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መቆየቱ ነው። ደሙ በጉዳተኛው አልጋ አጠገብ እየረጋ የሚለካበት መሣሪያ ከ10 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አቅጣጫ ይጠቁማል፤ ነገር ግን ውድ ነው፤ የሠለጠነ እጅም ይፈልጋል።

ስለ እነዚህ መሣሪያዎች የሚነገረው ሁሉ እንደ ወረደ ሊወሰድ አይገባም። በ2016 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ በአንድ ማዕከል የተካሄደ ጥናት መሣሪያውን ተከትሎ ደም መስጠት ሕይወት ማትረፉን አሳየ፤ ከዚያ በኋላ በበርካታ የአውሮፓ ማዕከላት የተካሄደው ሰፋ ያለ ጥናት ግን በጠቅላላው ልዩነት አላገኘም። በ2023 ደግሞ 1,604 ጉዳተኞች የተካተቱበት ጥናት ፋይብሪኖጅን የበዛበትን የደም ተዋጽኦ ሳይለኩ ቶሎ መስጠት በ28 ቀን ውስጥ ሞትን እንደማይቀንስ ገለጸ። ከዚህ ሁለት ተቃራኒ ድምዳሜ የሚያወጡ አሉ። አንዱ ፋይብሪኖጅን እንደተባለው አይደለም የሚል ነው። ሌላውና የበለጠ አሳማኝ የሚመስለው፣ ጉድለት ለሌለበት መስጠት ጉድለት ያለበትን ጥቅም ይሸፍናል፤ ስለዚህ መለካት ይቅደም የሚለው ነው።

የዘርፉ ጥናቶች ሌላም ድክመት አላቸው። «ብዙ ደም የወሰደ» የሚባለው ለረጅም ጊዜ በ24 ሰዓት 10 ከረጢት የወሰደ ሰው ነበር። እንግዲህ 6 ከረጢት ወስዶ በሁለተኛው ሰዓት የሞተው በየትኛው ይቆጠራል? በዚህ መስፈርት ብዙ ደም አልወሰደም፤ ጠቋሚውም ስለ እርሱ «ተሳስቷል» ይባላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ 3 ከረጢት የሚለው አዲሱ መስፈርት ከእውነታው ጋር የተሻለ ይስማማል።

ሑጃጁ ማን ነው?

የጅዳንና የመካን ጉዳይ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከላይ የተጠቀሱት ድንበሮች በአብዛኛው የተገኙት ከለንደን፣ ከጀርመንና ከአሜሪካ ጉዳተኞች ነው። በመካ ኑር ስፔሻሊስት ሆስፒታል ወይም በጅዳ ኪንግ ፋህድ አጠቃላይ ሆስፒታል የሚገባ ጉዳተኛ ግን ከጃካርታ የመጣ የ70 ዓመት አዛውንት፣ ከካኖ የመጣች እናት፣ ከወሎ የመጣ ገበሬ ወይም በጅዳ የሚሠራ ወጣት ሊሆን ይችላል።

አዛውንቱን እንውሰድ። ለደም ግፊቱ ወይም ለልቡ የሚወስደው መድኃኒት የልብ ምቱን ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል። ደም እየፈሰሰው የልብ ምቱ 85 ሊሆን ይችላል፤ 120ን የሚጠብቅ መለኪያ ያልፈዋል። የደም ግፊቱ ዘወትር 170 የነበረ ሰው ደግሞ 110 ሲሆን ለሐኪሙ ደኅና ይመስላል፤ ለእርሱ ግን መውደቅ ነው። በዚህ ምክንያት ዕድሜው ለገፋ ሑጃጅ ላክቴት ከልብ ምትና ከግፊት የበለጠ ታማኝ ምስክር ነው።

ታማኝነቱ ግን በዚያው ልክ ይፈተናል። በጁን 2024 በመካ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ሙቀት ከሚና ወደ ዐረፋ የተጓዘ፣ ጠዋፍና ሰዕይ አድርጎ ጉልበቱ የዛለ፣ ውሃ የጠማው ሰው አንዲት ጠብታ ደም ሳይፈሰው ላክቴቱ ሊጨምር ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት፣ ኩላሊቱ የተዳከመና ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰውም እንዲሁ። በሙቀት የተዳከመውን ከደም መፍሰስ ጋር ያምታታ ሐኪም ውሃና ጥላ የሚበቃውን ሰው የሌላውን ደም ያስወስደዋል።

መፍትሔው ድንበሩን ከፍ ማድረግ ሳይሆን ደግሞ መለካት ነው። በሙቀትና በድካም የጨመረ ላክቴት ጉዳተኛው ሲቀዘቅዝና ፈሳሽ ሲያገኝ በአብዛኛው ይወርዳል። ደም የሚፈስሰው ሰው ላክቴት አይወርድም ወይም ይጨምራል። ከአንድ ልኬት ይልቅ በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ልኬቶች ስለ አንድ ሰው ብዙ ይናገራሉ። በዚህ መሐል ግን ቆሞ መጠበቅ የለም፤ አልትራሳውንዱ ይታያል፣ ዳሌው ይታሰራል፣ ደም ባንኩ ይጠነቀቃል።

ከ2026 ጀምሮ ሐጅ ከበጋው ወቅት እየወጣ ለስምንት ዓመታት ያህል ወደ ጸደይ እንደሚገባ የመንግሥቱ የአየር ትንበያ ማዕከል አስታውቋል። ሙቀቱ በአንድ ጊዜ የሚጠፋ ባይሆንም፣ ለላክቴት ንባብ ግን ከቀድሞው የተሻለ ዘመን ይመጣል ማለት ይቻላል።

የደም መርጊያ ጊዜም በሑጃጅ ላይ ሁለት መልክ አለው። ዋርፋሪን የሚወስድ አዛውንት መርጊያ ጊዜው ረዝሞ ሲገኝ፣ ምክንያቱ ጉዳቱ ሳይሆን መድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። የሚያሻውም ብዙ ደም ብቻ ሳይሆን የመድኃኒቱ ማርከሻ ነው። በሌላ በኩል አዳዲሶቹ የደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች በዚህ ምርመራ ላይ በግልጽ ላይታዩ ይችላሉ፤ ቁጥሩ ደኅና ሆኖ ደሙ አይረጋም። ሁለቱን ለመለየት ቀላሉ መንገድ ጉዳተኛውን መጠየቅ ነበር፤ እርሱ ግን ራሱን ስቷል ወይም የሚናገረው በሐውሳ፣ በባንግላ ወይም በአማርኛ ነው። ከ2024 ወዲህ ለሑጃጅ የሚሰጠው የኑሱክ ካርድ ማንነትን በመለየት ረገድ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ለድንገተኛ ክፍል ያለው ዋጋ የሚለካው ግን የሑጃጁ የመድኃኒት ዝርዝር በስንት ሰከንድ ይነበባል በሚለው ነው። ከኢትዮጵያም ሆነ ከሌላ አገር የሚነሣ ሑጃጅ የሚወስደውን መድኃኒት ስም በእንግሊዝኛ ወይም በዐረብኛ ጽፎ በኢሕራሙ መታጠቂያ ኪስ ውስጥ ቢይዝ ምንም ወጪ የለውም።

ሄሞግሎቢንን በተመለከተ አንድ አስገራሚ ነገር ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ሳይነሣ አይታለፍም። የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ነዋሪዎች በከፍተኛ ቦታ ስለሚኖሩ ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ያለ ነው። በ2002 ይፋ የሆነ ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቶታል። በሌላ በኩል በመንግሥቱ ምሥራቅና ደቡብ ምዕራብ የማጭድ ቅርጽ የደም ሕመም ያለባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ የእነርሱ የዘወትር ሄሞግሎቢን ለሌላው አስደንጋጭ ነው። የዓለም ሕዝብ ሁሉ በሚሰበሰብበት ከተማ «ትክክለኛ» የሚባል አንድ ቁጥር የለም።

ይህን ሁሉ የሚፈታው የአገር ውስጥ መዝገብ ነው። በሪያድ ኪንግ ሱዑድ ሜዲካል ሲቲ ከ2017 ጀምሮ የጉዳት መዝገብ መያዝ ተጀምሯል። የመካ የጤና ክላስተር እና የጅዳ ሁለቱ ክላስተሮች ሆስፒታሎችን በአንድ አስተዳደር ሥር ማሰባሰባቸው ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት የተመቸ መደላድል ነው። የሑጃጅ ጉዳት ላክቴት ምን ያህል ሲሆን ደም መጠራት እንዳለበት ለንደን ልትነግረው አትችልም።

መደርደሪያው

ቀድሞ ማወቅ ጥቅሙ የሚገለጸው መደርደሪያው ላይ ደም ሲኖር ብቻ ነው። ኦ ኔጌቲቭ ደም ለሁሉም ስለሚሆን፣ የደም ዓይነቱ ላልታወቀ ጉዳተኛ፣ በተለይ ለመውለድ ዕድሜ ላሉ ሴቶች ይቀመጣል። በዐረቢያ ልሳነ ምድርም ሆነ በኢትዮጵያ አርኤች ኔጌቲቭ የሆነው ሰው ከ10 ከ1 ያነሰ ነው፤ በምሥራቅ እስያ ደግሞ ከ100 ከ1 በታች ነው። ከዚያ የመጣ ኔጌቲቭ ሑጃጅ ቢጎዳ ከጓዶቹ መካከል ለጋሽ ማግኘት ዘበት ነው። አንድ የተሳሳተ የብዙ ደም ጥሪ አራት ከረጢት ፕላዝማ ያቀልጣል፤ የቀለጠው ፕላዝማ በጥቂት ቀን ውስጥ ካልዋለ ይጣላል። ስለዚህ ጠቋሚው ደም የሚያሻውን መለየቱ ብቻ ሳይሆን የማያሻውን ማለፉም ሕይወት ነው፤ የሚተርፈው ግን በሌላ አልጋ ላይ ያለ ሰው ነው።

ልዑል አልጋ ወራሽ ሙሐመድ ቢን ሰልማን በኦገስት 2025 ደም ለግሰው ዓመታዊውን ብሔራዊ የደም ልገሳ ዘመቻ ማስጀመራቸው፣ የጤና ሚኒስቴሩ «ወቲን» የተሰኘ የልገሳ መተግበሪያ ማቅረቡ፣ ልገሳን ከዘመድ ጥሪ ወደ ዘወትር ልማድ ለማሸጋገር የታሰበ ነው። ሽግግሩ ለአደጋ ሕክምና ወሳኝ ነው። አደጋ ሲሰማ ሰው እጁን ዘርግቶ መሰለፉ የተመሰገነ ነገር ነው፤ ነገር ግን ዛሬ የተለገሰ ደም ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስና ለሌሎችም ተመርምሮ፣ ተለይቶ ነው የሚሰጠው። አደጋው በደረሰበት ምሽት ሕይወት የሚያተርፈው ከቀናት በፊት የተለገሰው ነው። በረመዳን ጾመኛው ቀን ላይ ስለማይለግስ ልገሳው ከኢፍጧር በኋላ ይሆናል፤ ደም ባንኮች ለዚህ ቀድመው ካልተዘጋጁ የዑምራው ብዛት በሚያይልበት ወር ክምችቱ ይሳሳል። በመንግሥቱ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም የልገሳው አካል መሆን ይችላሉ፤ ከወባማ አካባቢ በቅርቡ የመጣ ሰው ግን በብዙ አገሮች ደንብ መሠረት ለጊዜው እንዲቆይ ሊጠየቅ ስለሚችል ቅር ሊሰኝ አይገባም።

ደም በጊዜ ወደ ጉዳተኛው ስለማድረስም የሚነገር አለ። በ2018 ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት በሄሊኮፕተር ላይ ፕላዝማ የተሰጣቸው ጉዳተኞች በ30 ቀን ውስጥ የሞት መጠናቸው 23.2 ከመቶ ሲሆን፣ ያልተሰጣቸው 33 ከመቶ ነበር። በዚያው ዓመት መንገዱ አጭር በሆነበት ከተማ ውስጥ የተደረገ ተመሳሳይ ጥናት ግን ጥቅም አላገኘም። ለጅዳና ለመካ ከዚህ የሚወሰደው ግልጽ ነው፦ በከተማው ውስጥ ያለው አምቡላንስ ደም ከመጫን ይልቅ መፍጠን አለበት፤ በረጅም አውራ ጎዳና ላይ ለደረሰ አደጋ የሚነሣው የሳዑዲ ቀይ ጨረቃ ሄሊኮፕተር ግን ፕላዝማና በእጅ የሚያዝ የላክቴት መለኪያ ቢኖረው ልዩነት ሊያመጣ ይችላል። በቅርብ የሐጅ ወቅቶች በተቀደሱት ስፍራዎች መካከል ደምና ናሙና በድሮን የማጓጓዝ ሙከራም የዚሁ አስተሳሰብ ክፍል ነው።

በኢትዮጵያ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። የደም ባንክ አገልግሎቱ ከ1969 ጀምሮ በቀይ መስቀል ሥር ቆይቶ በኋላ ወደ መንግሥት ተዛውሯል፤ ልገሳውም በበጎ ፈቃደኞች ላይ እንዲቆም ብዙ ተሠርቷል። በአዲስ አበባ እንደ አቤት ያለ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና የተለየ ሆስፒታል አለ። ከዋና ከተማዋ በራቀ የወረዳ ሆስፒታል ግን የደም ጋዝ መሣሪያና ፕሌትሌት ማግኘት ይከብዳል። እዚያ የሚያዋጣው በጣት ጠብታ የሚሠራው የላክቴት መለኪያና ርካሹ የትራኔክሳሚክ አሲድ መርፌ ነው። በ40 አገሮች በ20,211 ጉዳተኞች ላይ ተካሂዶ በ2010 የታተመው ጥናት ይህ መድኃኒት ሞትን እንደሚቀንስ አረጋግጧል፤ በኋላ የተደረገው ትንተናም መሰጠት ያለበት ከጉዳቱ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሊጎዳ እንደሚችል አሳይቷል። ወረዳው ጉዳተኛውን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሲልክም የላክቴቱን ቁጥር ቀድሞ በስልክ መናገር ይችላል፤ ተቀባዩ ሆስፒታል ፕላዝማ ማቅለጥ የሚጀምረው አምቡላንሱ መንገድ ላይ ሳለ ይሆናል ማለት ነው።

በጅዳም ሆነ በመካ የሚቀረው ሥራ ከዚህ እጅግ የራቀ አይደለም። በጉዳተኛው ቅጽ ላይ ሁለት ሰዓቶች ጎን ለጎን መጻፍ አለባቸው፤ የመጀመሪያው ላክቴት የተወሰደበትና የመጀመሪያው ከረጢት የተሰቀለበት። ከጎናቸው ዕድሜው፣ የመጣበት አገር፣ የሚወስደው መድኃኒትና የዕለቱ ሙቀት ይመዝገቡ። በሚመጡት ጥቂት የሐጅ ወቅቶች እነዚህ ቅጾች ከሁሉም ሆስፒታሎች በአንድ ላይ ቢሰበሰቡ፣ 4 ሚሊሞል ለሑጃጅ ትክክለኛው ድንበር መሆን አለመሆኑ ከዚያው ከመካ መዝገብ ይነበባል።